ቁራኛ ብርሃኖች

ስለ ብርሃን በማስተማሬ ታስሬ አውቃለሁ። ይህን ስናገር የሚስቁ ሰዎች አሉ፤ ያኔ ግን የሚያስቅ አልነበረም። ዘመኑ ደርግ፣ አገሩ ቆቦ ነው። የታሰርኩት ለአንድ ሙሉ ቀን እንኳ አይደለም። ይሁንና ከዚያች ቀን በፊት የነበረችው ይታይሽ ዛሬ ብታገኘኝ የምታውቀኝ አይመስለኝም።

ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ ፊዚክስ ማስተማር ከጀመርኩ ገና ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። የጎጃም ልጅ ነኝ። እናቴ እኔን ስትወልድ ሞተች፤ አባቴም ብዙ ሳይቆይ ተከተላት። ያደግሁት ከአክስት ቤት ወደ አጎት ቤት፣ ከአጎት ቤት ወደ ሌላ ዘመድ እየተላለፍኩ ነው። ማንም አልበደለኝም፤ በልቼ፣ ለብሼ፣ ተምሬአለሁ። ብቻ የትም ቤት ስገባ እንግዳ ነበርኩ። የምደባ ዕጣ ስናወጣ ቆቦ ሲደርሰኝ ጓደኞቼ አዘኑልኝ፤ እኔ ግን የምርቀው ሰው ስላልነበረኝ ሩቅ መሄዱ ምንም አልመሰለኝም።

ቆቦ ሙቀቷ ከባድ ነው። ከድርቁ በኋላ ዝናቡ ተመልሶ ሜዳው እስከ ዞብል ተራራ ግርጌ ድረስ ማሽላ ለብሶ ነበር። ከተማው ግን በወታደር ተጨናንቋል። ከዋጃ ወዲያ መንግሥት ወንበዴ የሚላቸው ሸማቂዎች ስላሉ መንገዱ አንድ ቀን ይከፈታል፣ አንድ ቀን ይዘጋል። ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበር የሚያወራው።

የተከራየሁት አያ ሙሄ ከሚባሉ የፍየል ነጋዴ ቤት ነው። አያ ሙሄ በንጉሡ ጊዜ የአጥቢያ ዳኛ የነበሩ፣ ቀጠን ብለው ረዘም ያሉ፣ ሲናገሩ በከዘራቸው መሬቱን መታ መታ የሚያደርጉ ሽማግሌ ናቸው። ባለቤታቸው እትየ ፋጡማ ሰው ጠገብኩ ካለ የተቀየማቸው የሚመስላቸው ሴት ነበሩ። ትልልቆቹ ልጆች አግብተው ሄደው፣ ቤት የቀረችው የመጨረሻዋ ለይላ ብቻ ናት። ለይላ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዬ ነበረች። ክፍል ውስጥ "ቲቸር"፣ ቤት ስንገባ "እታለም" ትለኛለች። አፏ ዝም አይልም፤ ጭንቅላቷም እንዲሁ።

ነገሩ የመጣው እንዲህ ነው። የብርሃንን ምዕራፍ ጨርሼ ጊዜ ተረፈኝ። ከሰዓት በኋላ ነው፣ ቆርቆሮው ይንጣጣል፣ ተማሪው ያንጎላጃል። ላነቃቸው ብዬ ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ በመጨረሻው ዓመት መምህራችን የነገሩንን አወራሁላቸው። ብርሃን ፎቶን በሚባሉ ቅንጣቶች ነው የሚመጣው። አንዳንድ አቶም ሲነቃቃ ሁለት ፎቶን ያከታትልና አንዱን ወዲህ፣ አንዱን ወዲያ ይለቃል። እነዚህ ሁለቱ ምን ያህል ቢራራቁ አንድ ላይ እንዳሉ ይቆጠራሉ፤ አንዱ ላይ የሚታየው ሌላው ላይ ከሚታየው ጋር የተሳሰረ ነው። በፈረንሳይ አገር ተሞክሮ ታይቷል አልኳቸው። ከዚያም ግልጽ እንዲሆንላቸው፣ "አንዱ ፎቶን ቆቦ፣ አንዱ ዋጃ ቢሆን" አልኩ። አጥፊዬ ይቺ ዋጃ ናት።

ማታ ራት ላይ ለይላ ለአባቷ ደግማ ተረከችላቸው። እኔም የዚህን ነገር የአማርኛ ስም እንዳጣሁለት ነገርኳቸው።

"ስም አጣሁለት ትያለሽ? ቁራኛ ነው እንጅ!" አሉ አያ ሙሄ። "በኛ ጊዜ ከሳሽና ተከሳሽን በነጠላ ጫፍ አቆራኝተን ወደ ዳኛ እንልክ ነበር። አንዱን የፈለገ ሁለቱንም ያገኛል።"

"ነጠላው ግን እዚህ የለም አያ ሙሄ። ሳይታሰሩ ነው የተቆራኙት።"

"ሱብሃነላህ!" ብለው ከዘራቸውን መታ አደረጉ።

በማግስቱ ቃሉን ለክፍሉ ሰጠሁት። በሳምንቱ ቆቦ ውስጥ ያልሰማ አልነበረም። ለይላ በቦኖው ውኃ ሰልፍ ላይ፣ ሌሎቹም በየቤታቸው አወሩት። ወሬ እንደምታውቁት እየሄደ ነው የሚወፍረው። ወታደሮቹ ጋ ሲደርስ፣ "የሁለተኛ ደረጃዋ አስተማሪ ያለ ሽቦና ያለ ራዲዮ ከቆቦ ዋጃ መልእክት የሚላክበትን መንገድ ልጆቹን እያስተማረች ነው" ሆኖ ነበር።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ሁለት መሣሪያ የያዙ ሰዎች ክፍሌ በር ላይ ቆሙ። ዳይሬክተሩ ከኋላቸው ሆኖ ጫማውን ያያል።

"ጓድ ይታይሽ፣ ለአጭር ጥያቄ ትፈለጊያለሽ" አለ አንደኛው።

በዚያ ዘመን "አጭር ጥያቄ" ምን ያህል እንደሚረዝም የማያውቅ አልነበረም። ጠመኔውን አስቀምጬ እጄን አራገፍኩ። ሰውዬው ቀጠለና፣ "ለይላ ሙሄ የምትባለዋም" አለ። ለራሴ የሚያለቅስልኝ ሰው የለም ብዬ ደፈር ብዬ ነበር፤ ለእሷ ግን እናት አለቻት።

ለይላ ሻሿን አስተካክላ ከወንበሯ ተነሳች። በዋናው መንገድ ስንሄድ ባለ ሱቆቹ ዓይናቸውን ወደ ዕቃቸው መለሱ። ጠጋ ብላ፣ "እታለም፣ ፈተናው ስለ ብርሃን ከሆነ አጥንቻለሁ" አለችኝ። ወታደሩ "ዝም በይ!" አላት።

የወሰዱን ድሮ የእህል መጋዘን ወደነበረ ቤት ነው። በሩ ላይ ለያዩን። እሷን ወደ ውስጠኛው ክፍል አስገቧት፤ እኔን ውጭ አግዳሚ ላይ አስቀመጡኝ። ድምፅ ይሰማኛል፣ ቃሉ ግን አይለይም። ወፍራም የወንድ ድምፅ፣ ከዚያ የእሷ ቀጭን ድምፅ፣ ከዚያ ረጅም ዝምታ። በእያንዳንዱ ዝምታ ነፍሴ ትወጣለች። ፀሐዩ ከአናቴ እስኪያልፍ እንዲሁ ተቀመጥኩ።

ስጠራ ለይላን በሌላ በር አውጥተዋት ነበር። ከጠረጴዛው ኋላ የተቀመጠው ሻምበል በዚያ ሙቀት ካፖርት ለብሷል። ወባ ይዞታል። ፊቱ ቢጫ ሆኖ ጥርሱ ይንቀጫቀጫል፣ ዓይኑ ግን እንደ መርፌ ይወጋል።

"ልጅቷ አምናለች" አለኝ ገና ሳልቀመጥ። "'መልእክት መላኪያ ነው ብላ ያስተማረችን ቲቸር ይታይሽ ናት' ብላለች።"

መደንገጤን ለማየት ትኩር ብሎ ይጠብቃል። ትንሽ ሳስብ ግን ነገሩ ልክ እንዳልሆነ ታወቀኝ።

"ለይላ እንዲህ አትልም ሻምበል።"

"በምን አወቅሽ?"

"ክፍል ውስጥ 'ታዲያ ለምን መልእክት አይላክበትም?' ብላ የጠየቀችኝ እሷ ናት። እንደማይላክበት እያሰላሰለች የደረሰችበትም ራሷ ናት። እኔ 'ልክ ነሽ' ከማለት በቀር የጨመርኩት የለም። የራሷን መልስ ትክዳለች ብዬ አላምንም።"

በኋላ እንደሰማሁት ለይላም ውስጥ ስትጠየቅ ይህንኑ ነበር ያለችው። ሻምበሉ ካፖርቱን ሰብሰብ አደረገና፣ "ተማክራችሁ መጥታችኋል" አለ።

"እርስዎ ምስክር ሲመረምሩ ተማክሮ የመጣውን በምን ይለዩታል?"

እንዲህ ብሎ መጠየቅ ድፍረት ነበር። አሁን ሳስበው ይዘገንነኛል። እሱ ግን ሥራው ስለሆነ መለሰልኝ። "ለየብቻ አስቀምጬ ያላሰቡትን ጥያቄ እጠይቃቸዋለሁ። የተዘጋጀ ነገር አንድ ቦታ ላይ ይፈርሳል።"

"እነዚያን ሁለት ብርሃኖችም ፈረንሳዮቹ የመረመሯቸው እንደዚሁ ነው" አልኩት። "ይፍቀዱልኝና ላስረዳዎት። መልእክት ይሆናል ብለው ካመኑ የፈለጉትን ያድርጉኝ።"

ሰዓቱን አየ። ከዚያ እንደ ታከተው ሰው እጁን ወደ ፊት ዘርግቶ፣ "ቀጥይ" አለ።

አስተምሬ አውቃለሁ፤ እንደዚያ ቀን ግን አስተምሬ አላውቅም።

"ሁለት ምስክሮች አሉ እንበል" አልኩ። "አንዱ እዚህ፣ አንዱ ዋጃ። ጥያቄዎቹ ሦስት ናቸው። ለእያንዳንዳቸው ከሦስቱ አንዱን ብቻ፣ ደስ ያለዎትን መርጠው ይጠይቃሉ። መልሱ 'አዎ' ወይም 'አይደለም' ነው። ደጋግመው ሲሞክሩት፣ ሁለቱን አንድ ዓይነት ጥያቄ በጠየቋቸው ቁጥር ሁልጊዜ አንድ ዓይነት መልስ ይሰጣሉ። አንድም ጊዜ አይስቱም። ምን ይላሉ?"

"ተማክረዋል እላለሁ። ለሦስቱም ጥያቄ መልሱን አስቀድመው አጥንተዋል።"

"ጥሩ። ሦስት ጥያቄ፣ መልሱ ሁለት ዓይነት ብቻ። እንግዲህ እንደ ፈለጉ ያጥኑት፤ ከሦስቱ ቢያንስ ሁለቱ ጥያቄዎች መልሳቸው አንድ መሆኑ አይቀርም።"

ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ በጣቱ ቆጠረ። "አዎ፣ አዎ፣ አይደለም… አዎ፣ አይደለም፣ አይደለም… እሺ፣ የግድ ነው።"

"ሦስት ጥያቄ ሲጣመር ሦስት ጥንድ ነው፤ ከሦስቱ ጥንድ ቢያንስ የአንዱ መልስ አንድ ነው። ስለዚህ የተለያየ ጥያቄ ሲጠይቋቸውም ቢያንስ ከሦስት አንዱን ጊዜ መልሳቸው መግጠም አለበት። የተማከረ ምስክር ከዚህ በታች ሊወርድ አይችልም።"

ይህችን ሁለት ጊዜ አስደገመኝ። ከዚያ ራሱን ነቀነቀ።

"ብርሃኖቹ ምስክር ናቸው" አልኩ። "እንደ ኬላ ያለ ማጣሪያ ይቆምላቸዋል። ማጣሪያው እኩል በተራራቁ ሦስት አቅጣጫዎች መዞር ይችላል፤ ሦስቱ ጥያቄዎች እነዚያ ናቸው። ፎቶኑ ወይ ያልፋል፣ ወይ አያልፍም። መልሱ ይኸው ነው። ሁለቱ ኬላዎች በአንድ አቅጣጫ ሲዞሩ ሁልጊዜ ይገጥማሉ። በተለያየ አቅጣጫ ሲዞሩ ግን የሚገጥሙት ከአራት አንዱን ጊዜ ብቻ ነው። ስሌቱ ይህን ይላል፣ የፈረንሳዮቹ ሙከራም ለስሌቱ መሰከረ።"

"ከአራት አንድ ከሦስት አንድ ያንሳል።"

"ያንሳል።"

"እንግዲያ አልተማከሩም።"

"አልተማከሩም ሻምበል። ይዘውት የመጡት የተጠና መልስ የለም።"

መንቀጥቀጡ ለአፍታ ቆመለት። ወደ ፊት ጎንበስ ብሎ፣ "ሲጠየቁ ነዋ እንግዲያ የሚነጋገሩት! ይሄው መልእክት!" አለና ጠረጴዛውን መታ።

"በመካከላቸው ወሬ የሚያደርስ ቢኖር ከብርሃን መፍጠን ነበረበት፤ ከብርሃን የሚፈጥን ደግሞ አልተገኘም" አልኩ ድምፄን አረጋግቼ። "ደግሞስ እርስዎ ቆቦ ኬላ ላይ ቆመው ምን ያያሉ? አለፈ፣ አላለፈም፣ አላለፈም፣ አለፈ። ሳንቲም እንደ መወርወር ነው። መልሱን እርስዎ መምረጥ አይችሉም፤ ዋጃ ያለውም አይችልም። የማይመረጥ ነገር ምን ተብሎ ይላካል? ዋጃ የትኛው ጥያቄ እንደተጠየቀም ከፊትዎ ካለው አያውቁም። መግጠማቸው የሚታወቀው ሁለቱ ሰዎች ተገናኝተው ያዩትን ሲያስተያዩ ብቻ ነው።"

"እንዴት ይገናኛሉ?"

"በእግር፣ በአውቶቡስ… በማንኛውም።"

የሻምበሉ የከንፈሩ ጫፍ ተንቀሳቀሰ። "ስለዚህ ወንበዴው በዚህ ነገር መልእክት ለመላክ መጀመሪያ አውቶቡስ መሳፈር አለበት ነው የምትይው?"

"አዎ ሻምበል። አውቶቡስ ከተሳፈረ ደግሞ ወሬውን ራሱ ይዞ ይመጣል።"

ሳቀ። ሳቁ ሳል ሆነ፣ ሳሉ ብርድ አመጣበት። እኔም ሳልፈልግ ሳቅሁ፤ ከሳቄ ጋር እንባዬ መጣ።

ይሄኔ ነው ውጭ ጩኸት የሰማነው። እትየ ፋጡማ ናቸው። ለካ ከአያ ሙሄ ጋር ወሬውን ከሰሙበት ሰዓት ጀምሮ በር ላይ ፀሐይ ሲመታቸው ውለዋል። ዘቡ ሲዘናጋ እትየ ፋጡማ አገልግላቸውን እንደታቀፉ ገቡ፤ አያ ሙሄ ተከተሏቸው።

"ልጆቼን አምጣ!" አሉ እትየ ፋጡማ። ሁለተኛውን ቃል ሊናገሩ አፋቸውን ከፍተው ሻምበሉን ልብ ብለው አዩት። "ወየው፣ አንተ ልጅ ታመሃል እኮ! ወባ ይዞህ ነው ሰው ይዘህ የምትውለው? እህል ቀምሰሃል?"

አያ ሙሄ ከዘራቸውን ተደግፈው ቆሙ።

"አባት፣ ለይላ ልጅዎ ናት፣ አውቃለሁ" አለ ሻምበሉ። "ለእሷ ዋስ ሆነው መውሰድ ይችላሉ።"

"ሁለቱም ልጆቼ ናቸው።"

"ይቺ የጎጃም ሰው ናት። ክርስቲያን ናት። ተከራይዎ ናት።"

"እሱን እኔ አጣሁትና ነው የምትነግረኝ?" አሉ አያ ሙሄ፣ ድምፃቸውን ሳያነሱ። "ልጄ ናት አልኩህ። ወይ ሁለቱንም ስጠኝ፣ ወይ እኔን ሦስተኛ አድርገህ እሰረኝ። እኔ ዳኛ ሆኜ ስንቱን በዋስ ለቅቄአለሁ፤ ዛሬ ደግሞ እኔ ዋስ ልሁን።"

ግድግዳ ግድግዳውን አየሁ። ሰው ፊት ማልቀስ አልፈለግሁም። በዚያን ዕድሜዬ ማንም "ልጄ" ብሎኝ አያውቅም ነበር። የሰማሁትም እዚያ ቤት፣ ወታደር ፊት ሆነ።

ሻምበሉ ዓይኑን በመዳፉ አሸት አሸት አደረገ። "ውሰዷቸው" አለ። ወደ እኔ ዞሮም፣ "ከመጽሐፉ ውጭ እንዳታስተምሪ። ካስተማርሽም ዋጃን ተያት" አለኝ። እትየ ፋጡማ ከመውጣታቸው በፊት አገልግሉን ጠረጴዛው ላይ ትተውለት፣ "ብላ፤ አላህ ይማርህ" አሉት። እስከ ዛሬ ድረስ ያን አገልግል በቂም ይተዉት በርኅራኄ አልገባኝም። ሲጠየቁ፣ "የራበው ሰው የራበው ሰው ነው፤ ሌላ ምን አለ?" ብለው ያልፉታል።

ለይላ በር ላይ ስታየኝ ተንደርድራ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ፀሐይ ሳትጠልቅ አራታችን በዋናው መንገድ ጎን ለጎን ተመለስን። ጠዋት ዓይናቸውን የመለሱት ባለ ሱቆች አሁን ብድግ እያሉ፣ "አልሐምዱሊላህ!"፣ "እግዜር ይመስገን!" ይሉናል። አያ ሙሄ ለእያንዳንዱ ቆመው ሰላምታ ሲሰጡ ቤት ልንደርስ አልቻልንም። ለይላ እጄን አልለቀቀችውም። "እኔን እኮ፣ 'አስተማሪሽ ከድታሻለች' ብሎኛል" አለችኝ።

"አንቺስ ምን አልሽው?"

"'አታውቃትም' አልኩት።"

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሻምበሉ ትምህርት ቤት መጣ። ብቻውን ነበር፤ ከስቷል፣ ካፖርቱን ግን አውልቋል። ጦሩ ወደ ሰሜን ሊንቀሳቀስ ነው። ክፍሌ በር ላይ ሳየው ጠመኔው ከእጄ ወደቀ። ወደ ውጭ ጠራኝና ትንሽ አቅማማ።

"አንድ ነገር ሊተወኝ አልቻለም" አለ። "አልተማከሩም፣ አይነጋገሩም። ታዲያ እንዴት ነው የሚገጥሙት?"

"አላውቅም ሻምበል። ስሌቱን እናውቃለን። ለየብቻቸው ሁለት ነገር ሳይሆኑ አንድ ነገር እንደሆኑ ስሌቱ ይነግረናል፤ እንዴት እንዲህ ሊሆን እንደቻለ ግን ሊቃውንቱም ተከራክረው አልጨረሱም።"

በረጅሙ ተነፈሰ። "ጥሩ ነው። ያልገባኝ እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር።" ጨብጦኝ ሄደ። ከዚያ ወዲህ አላየሁትም፤ የት እንደደረሰም አልሰማሁም።

ከእስሩ በፊት የዝውውር ጥያቄ አስገብቼ ነበር። ወደ ባሕር ዳር ሲፈቀድልኝ እንደማልሄድ አስታወቅሁ። ሰው እብድ ናት አለኝ። ከአያ ሙሄ ቤት የወጣሁት ሳገባ ነው፤ ለሽምግልና የተላኩትም ሰዎች የጠየቁት እሳቸውን ነበር። ለይላ ዩኒቨርሲቲ ገብታ እሷም እንደ እኔ አስተማሪ ሆነች። አሁንም ስንገናኝ ከሰላምታው ቀጥሎ የምንከራከረው ስለ ፎቶን ነው።

የማስተማር ነገርም ያን ቀን ተለወጠብኝ። ቀድሞ መጽሐፉ ያለውን እደግም ነበር፤ ተማሪው ቢገባው ባይገባው ከመጽሐፉ ጋር ነው ጣጣው። ከዚያ ወዲህ ግን ክፍል በገባሁ ቁጥር የአንድ ሰው ነፃነት በማስረዳቴ ላይ የተንጠለጠለ ይመስለኛል። የማላውቀውን "አላውቅም" ማለትንም አልፈራሁም።

ሻምበሉ ያን ቀን ባይጠይቀኝም፣ "ምን ይጠቅማል?" የሚሉኝ ተማሪዎች ብዙ ነበሩ። ያኔ መልስ አልነበረኝም። ዛሬ አለኝ። በእነዚሁ ቁራኛ ብርሃኖች ሰዎች ምስጢር ይጠብቁባቸዋል፤ ምክንያቱም በመሐል ሰርጎ የሚያዳምጥ ጆሮ ከገባ መግጠማቸው ይበላሽና ሌባው ይጋለጣል። አዲስ ዓይነት ኮምፒውተርም እየተሠራባቸው ነው። ለእኔ ግን ትልቁ ቁም ነገር ሌላ ነው። በዚህ ዓለም ላይ ለየብቻ ብትመረምሩት ምንም የማይነግራችሁ፣ አንድ ላይ ስታዩት ብቻ እውነቱ የሚወጣ ነገር እንዳለ አሳይተውናል።

አንባቢዎቼ፣ ያልገባውን ነገር የሚፈራ፣ ፈርቶም የሚያስር ሰው ቢገጥማችሁ፣ ቁጣችሁን አቆይታችሁ ቁጭ ብላችሁ አስረዱት። ሁልጊዜ ይሠራል አልላችሁም። በዚያ ዘመን አስረድቶም፣ ለምኖም ያልተመለሰ ስንት ሰው እንዳለ እናንተም እኔም እናውቃለን። እኔ ግን አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ቆቦ ላይ ሞክሬው፣ ወባ የያዘው አንድ ሻምበል እስከ መጨረሻው አዳመጠኝ። ይኸው ዛሬ ተቀምጬ እጽፍላችኋለሁ።